ሞላ

ሞተሬ ከታመመ ወር ሊሆነው ምንም አልቀረው።
ፍሬኑን አየሁት፣ ጎማውን ነፋሁት፣
ሰንሰለቱን ግራሶ አጠጣሁት፣
ምንም አላገኘሁት።
ብቻ ከቁስቋም ቁልቁል ኮብልስቶኑን ስወርድ
እንደ ሰካራም ነው፣ ከወገቡ ሲንገዳገድ፤
ሽንታ ኩርባው ላይ፣ ገና ወደ ግራ ስታጠፍ
መስመሩን ይለቃል፣ ይሄዳል ጫፍ ለጫፍ።
ማታ ስንመለስማ፣ ይብሳል የሱ ነገር፤
መብራቱ መንገዱን ትቶ ያያል ሌላ አገር፤
ጃንተከል ዋርካ ጋ ስንደርስ ቀና ብሎ
ቅርንጫፍ ይቆጥራል፣ ጉድጓዱን ለኔ ጥሎ።
አንድ ማታ ዘበኛው ብርድ ልብሱን ገፎ
"ወፍ ነው የምታድን?" አለኝ አኩርፎ።

ማስተዋል ሳቀች። ሳቋ በጀርባዬ አለፈ።
ሚስቴ ናት። አዘዞ ታስተምራለች፤
የአርባ ልጅ ደብተር በቦርሳ ታዝላለች።
ማስተዋል ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣
አላስተዋልኩም ነበር፣ ፍሬኔን ብቻ አምኜ።

በሰኔ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
አዘዞ፣ ጀጃው ጋ ወሰድነው።
ጋራዥ አይባልም፤ ዝገት የበላው ኮንቴይነር፣
ደጁ ላይ ዘይት የጠጣ አፈር።
ጀጃው "ምን ሆነ?" አይልም። እጁን በአሮጌ ካናቴራ ይጠርጋል፤
ከዚያ፣ ሆድ እንደሚዳስስ ሐኪም መዳፉን ዘርግቶ
ኮርቻውን ይጫናል፣ ይለቃል፣ ያደምጣል ሁሉን ትቶ።
"ሾኩ አልሞተም" አለ። "ዘይቱም አልፈሰሰ።
ሞላው ነው፤ ከሸክሙ ሥር ቁመቱ አነሰ።"

ሜትር አወጣ። ከጎማው እንብርት እስከ ኮርቻው ጥግ
ባዶውን ለካ፤ በጠመኔ ጻፈ፣ ቆርቆሮው ላይ፣
የሠርጋችን ሰሞን፣
የጥር ቁጥራችን ገና ካልጠፋበት ጎን።
"አንተ ውጣ።" ለካ።
"እሷም ትውጣ፤ እግር ከመሬት ይነሳ።"
ረዳቱ መሪውን ጨብጦ ደገፈን። ለካ።
ዝም አለ። ደግሞ ለካ። ግንባሩን አከከ፣ ግንባሩ ጠቆረ።
"ደብተሩ ይውረድ።" ወረደ።
ሜትሩ ግን ከቃሉ ንቅንቅ አላለም።

"በጥር ሠላሳ ሁለት፤ ዛሬ ሠላሳ አምስት።"
"ለሦስት ሚሊ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጣጣ?"
"ሦስት ሚሊ" አለ፣ "ለማያውቅ ነው ትንሽ።
ያንተ ያው የጥር ነው፤ አልጨመርክ፣ አልቀነስክ።
የጨመረው ከኋላ ነው።"

ዞር ብዬ ባያት፣
በቀይ ሻርፗ አፏን ሸፍና
የቆርቆሮውን ቁጥር በዓይኗ ታርማለች።
ስህተት አላገኘችም።

ጀጃው ቁልፉን አነሳ፤ የሞላውን ቀለበት ጨብጦ
አዞረ፤ ጥርሱ ቀጭ አለ፣ ከቦታው አምልጦ።
"ታጠነክረዋለህ?" አልኩ፣ ወሬ እንዲሆነኝ ብዬ።
"አይደለም። ሞላ ጉልበቱ ያው ነው፣ ሲወለድ የያዘው፤
እኔ የሚነሳበትን ነው ከፍ የማደርገው።"
"ስንት ጥርስ?" አልኩት።
እኔን አላየኝም፤ እሷን ነው የመለሰላት፦
"ለዛሬው አንድ ይበቃል። በየወሩ ኑ፣ እንለካለን።"
"እስከ መስከረም ነው" አለች ማስተዋል፣
"ከዚያ ወዲያ በባጃጅ ነኝ።"

ምላሴ ታሰረ። ሒሳቡ ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።
ጀጃው ከቁጥሩ ሥር አንድ ቃል ጻፈበት፦ ሞላ።
ለመካኒክ ሌላ ነው፤ ለአባት ደግሞ ሌላ።

ሲመሽ ስንመለስ፣ መብራቱ መሬት ወረደ፤
ሽንታ ኩርባው ላይ መስመሩን ሳይስት ሄደ፤
የማውቀውን ጉድጓድ ሁሉ
እንቁላል እንደያዘ ሰው ዞሬ ዞሬ አለፍኩት።
ዋርካው ላይ ወፎቹ አልነቁም።
ዘበኛው ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ "ምነው ዛሬ፣ ሳታድን?"
"አደንኩ እንጂ" ልለው አፌን ከፈት ሳደርግ፣
ከኋላዬ በክርኗ
ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ።